አፈሙዝ ወደ ሰማይ

እናንተ ልጆች ጠመንጃ ይዋሻል ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ዋሽቶኛል። ያውም ሃያ ዓመት የተሸከምኩት ጠመንጃ።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ዝናቡ ደህና ሁኑ ብሎ ተሰናብቶ በር ላይ እንደሚቆም እንግዳ አልወጣ ብሎናል፤ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ካፊያ። ከዲንሾ ወዲህ ገብሱ ሊደርስ ሲል አንድ አሮጌ ከርከሮ ማሳውን ይገለብጥ ጀመር። ሊያባርረው የወጣ ገበሬ ጭኑን በክራንቻ ተቀዶ ጎባ ሆስፒታል ገባ። ያን አውሬ ብቻ ለመግደል ፈቃድ ወጣና እኔ ተጠራሁ።

አብረውኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ከድር የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ዱካ በማንበብ የሚያክለው የለም፣ አፉ ግን ከጥይት ይፈጥናል። ሳሙኤል ደግሞ ከወላይታ መጥቶ ሮቤ ላይ ፊዚክስ የሚያስተምር መምህር ነው። ለአሮጌው ጠመንጃዬ የሚሆን ጥይት ከጠፋ ወዲህ በእጁ የሚሞላልኝ እሱ ነው፤ የተተኮሰውን ቀለሃ ያጸዳል፣ ባሩድ መዝኖ ይጨምራል፣ ጫፉ ላይ አረሩን ይተክላል።

የመጀመሪያው ቀን በካፊያ ከርከሮውን ከማዶ አገኘነው። ረጋ ብዬ ትከሻው ላይ አነጣጥሬ ተኮስኩ። ጭቃው ከሆዱ ሥር ተረጨ፤ እሱ ጅራቱን እንደ ሬዲዮ አንቴና አቁሞ ሄደ።

«ታደሰ» አለ ከድር፣ «መሬቷ ምን አደረገችህ?»

ቆሽቴ አረረ። በማግስቱ ከሮቤ ወጣ ብሎ ባለው የተኩስ መለማመጃ ሳሙኤል የጥይት ፍጥነት የሚለካበትን መሣሪያ ተከለ። ፀሐይ ነበር፤ ቁጥሮቹ ተቀራራቢ፣ ዒላማው ላይ ያሉት ቀዳዳዎችም በአንድ መዳፍ የሚሸፈኑ ሆኑ። ምን ጎደለ ታዲያ? ባሩዱን እንደገና መዘነ፣ ልክ ነው። ቀለሃዎቹን እያገላበጠ አየ፣ ደህና ናቸው። እኔ በርሜሉ ተበልቷል ብዬ ጠመንጃውን ልጥለው ዛትኩ። ይህን ስንባባል ካፊያው ጀመረ። እንደገና ብተኩስ ፍጥነቱ ወረደ፤ ጥይቱም ከዒላማው በታች አረፈ።

«ጋሼ፣ አሁን ምን ለወጡ?» አለኝ ሳሙኤል።

«ምን እለውጣለሁ? ዝናብ መጣ፣ ጠመንጃዬን ዘቅዝቄ አነገትኩ።»

እዚህ አገር በዝናብ የማይዘቀዝቅ ማን አለ? ውሃ እንዳይገባበት አፈሙዙ ወደ መሬት ነው። ሳሙኤል ግን አንዷን ጥይት ጆሮው ሥር አድርጎ ነቀነቃት። ውስጧ ባሩዱ ይንሸራተታል፤ ቀለሃው ሰፊ፣ ባሩዱ ጥቂት ነው። ሲዘቀዘቅ ባሩዱ ወደ አረሩ ይሸሽና ከኋላ የሚመጣው እሳት ባዶ ቦታ ላይ ይበራል፤ ጥይቷም ሰነፍ ትሆናለች።

«ከመተኮስዎ በፊት አፈሙዙን ወደ ሰማይ ያንሱት፤ ባሩዱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ ቀስ ብለው ያውርዱት» አለኝ። ደጋግመን ሞከርን፤ ፍጥነቱ ተመለሰ። በዚያ ዕድሜዬ ዘለልኩ። ቀለሃውን የሚሞላ ሌላ ባሩድ እስኪገኝ በዚህ እንድሠራ ተስማማን።

ስንመለስ ከድር ዱካውን አገኘው። የአውሬው ቀኝ የፊት ሰኮና የተሸረፈ ስለሆነ ጭቃው ላይ ግማሹ ብቻ ይታተማል። ዱካው ሸለቆውን ተሻግሮ ማዶ ካለው የአስታ ቁጥቋጦ ገባ። እኔና ሳሙኤል በዚህኛው አፋፍ ቀረን፤ ከድር አውሬውን ሊያስወጣልን ወደዚያኛው ተሻገረ። ያካፋል፣ ጠመንጃዬም ተዘቅዝቋል።

አስታው ተናወጠ። ከርከሮው እንዳሰብነው ወደ ታች አልወረደም፤ ከከድር ከፍ ብሎ ብቅ አለ። ከድር ሊሸሽ ሲዞር ጭቃው አንሸራተተውና በጀርባው ወደቀ፤ እግሩ በአስታ ሥር ተያዘ። ከርከሮው ከበላዩ ቆሞ መሬቱን ይጭራል። በመካከላችን ያለው ርቀት ጩኸት የሚደርስበት፣ ድንጋይ የማይደርስበት ነው። ጥይቴ ዝቅ ካለች የምታገኘው ከድርን ነው።

ፈራሁ። እጄ ቶሎ ተኩስ፣ ቶሎ ተኩስ ይለኛል። እኔ ግን አፈሙዙን ወደ ሰማይ አነሳሁ።

«ያ ረቢ! ታደሰ! ሰማዩን ምን ታያለህ?» ብሎ ጮኸ ከድር።

ቀስ ብዬ አወረድኩት። ከርከሮው አንገቱን ደፍቶ ቁልቁል ተነሳ። ትከሻው የጠመንጃዬ መነጽር ውስጥ ሲገባ ምላጩን ሳብኩ።

አውሬው በግንባሩ ተደፍቶ ተንከባለለ፤ የከድርን ኮፍያ ደፍጥጦ አለፈና ጉቶ አስቆመው። ከዚያ ከማዶ የከድር ድምፅ መጣ፤ «ኮፍያዬን ትከፍላለህ!»

ሳሙኤልና እኔ ተቃቅፈን አለቀስን፣ ሳቅን። መንደሩ በእልልታ ተቀበለን። ጭኑ የተሰፋው ገበሬ ከሆስፒታል ሲወጣ በምርኩዝ መጥቶ ክራንቻውን በእጁ ዳሰሰና «አሁን ገብሴን አጭዳለሁ» አለ። አጨደም። ከዚያ ቀን የበለጠ የኮራሁበት ቀን የለኝም።

ያ ጥይት ያስተማረኝን ልንገራችሁ። ሲበላሽባችሁ ዕቃውን ከመርገማችሁ በፊት፣ ሳታስቡት የምታደርጉትን ነገር እዩ። ጥፋቱ የልማዴ ነበር እንጂ ጠመንጃዬም ባሩዱም ጥፋት አልነበረባቸውም።

ከድር ግን የፊዚክሱን ነገር እስከ ዛሬ አልተቀበለም። ጊኒር ገበያ ሳይቀር «ታደሰ መጀመሪያ አላህን አስፈቀደ፣ ከዚያ ተኮሰ» እያለ ያወራል። አሁን ሳሙኤል ቀለሃውን የሚሞላ ባሩድ አግኝቷል፤ አፈሙዝ ማንሳት አያስፈልግም። እኔ ግን ከመተኮሴ በፊት አሁንም አነሳለሁ። ከድርም ከጎኔ ሆኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሚን» ይላል።