ቅቤ የነካው ፍርግርግ

ቲነር የሸተተኝ ቀን ሆዴ ይባባል። ሰው አፍንጫውን ይዞ የቀለም ቀቢዎችን ደጃፍ በሩጫ ሲያልፍ እኔ ቆም እላለሁ፣ አብሮኝ ያለው ሰው «ኧረ ነይ፣ ራስሽን ያምሻል» እያለ ሲጎትተኝ እንኳ አንድ ሁለቴ ስቤ ነው የምሄደው። እውነቱን ልናገር ካልኩ ቲነር ብቻውን አይበቃኝም፤ ትንሽ የለጋ ቅቤ ሽታ ቢቀላቀልበት ኖሮ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ደብረ ማርቆስ እናትና አባቴ ግቢ፣ ከቆርቆሮው ዳስ ሥር፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ራሴን ባገኘሁት ነበር።

አባዬ፣ ስሙ ጥላሁን ነው፣ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበር። ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ጋራዥ ተቀጥሮ ሲሠራ ኖሮ፣ አንድ ክረምት ላይ ዛሬም ሳስበው የሚያናድደኝ ነገር ደረሰበት። የአንድ የተከበሩ ሰው መኪና ፊት ላይ ያለውን፣ ኒኬል የተነከረና እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ የፕላስቲክ ፍርግርግ ጥቁር ቅባ ተብሎ ታዘዘ፣ እሱም ብረት እንደሚቀባው ጠርጎ፣ ቀብቶ፣ አሳምሮ አስረከበ። ያ ነገር ግን ልሙጥ ነው፣ ቀለም አይዝም፤ የሐምሌ ዝናብ ሁለት ሳምንት ሲወርድበት ቀለሙ እየተላጠ ከመኪናው ፊት ላይ ተንጠለጠለ። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ቅጽል ስም ለማውጣት ማን ብሎት! ወዲያው አባዬን «ልጣጭ» አሉት። «ልጣጭ መጣ»፣ «ልጣጭ ሄደ»። እማዬ ገበያ ላይ ሽንኩርት ትሸጥ ስለነበር ቀልዱ በእሷ ላይ ባሰ፣ እኔም ትምህርት ቤት «የልጣጭ ልጅ» ተባልኩና ሁለት ልጅ ነከስኩ። ጋራዡም «ስማችንን አጠፋኸው» ብሎ አሰናበተው።

የዚያን ክረምት አባዬ ቤት ዋለ። ጮቄ ላይ የተቋጠረው ደመና ሁሉ መጥቶ እኛ ቆርቆሮ ላይ የሚራገፍ ነበር የሚመስለው፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ብርዱ እስከ አጥንት። በዚያ እርጥበት ቀለም አይደርቅም፤ ስለዚህ ከየጋራዡ የተጣለ የፕላስቲክ ስብርባሪ እየለቀመ አምጥቶ፣ ከዳሱ ሥር ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ እየነከረ ሲፍቅ ይውል ነበር። ያ ብልጭልጭ ነገር ደብዝዞ፣ ድምጥማጡ ጠፍቶ፣ ግራጫ እስኪሆን ድረስ ይፍቀዋል። «ካልሻከረ በቀር ቀለሙ የሚይዘው ነገር የለውም» ይለኝ ነበር፣ እንደ አዋቂ እያስረዳኝ። እኔ ግን ጨርሶ አይገባኝም ነበር፤ ፊቴ የሚታይበትን፣ እንዲያ የሚያምር ነገር አመድ ሲያስመስለው ሳይ «አይ አባዬ፣ ደግሞ አበላሸው!» እል ነበር በሆዴ።

በዚያው ክረምት መተማ ያለው አጎቴ «እዚህ ሥራ አለ፣ ስምህንም የሚያውቀው የለም፣ ና» እያለ በመጣ ሰው ሁሉ ይልክበት ጀመር። ስለ መተማ የማውቀው አንድ ነገር ወባ ነበር። ከጎረቤታችን አንድ ሰውዬ ለሥራ ብለው ወርደው፣ የመጣው መርዷቸው ነው፣ ልጃቸው ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ትማር ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ መተማ የሚለው ቃል ሲነሳ እንጀራዬን ትቼ እነሣ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ሜዳው ሲደርቅ አባዬ የፋቃቸውን ቁርጥራጮች ይቀባባቸውና አጥር ላይ ይሰቅላቸው ጀመር። አንዱ ይላጣል፣ ይፍቀዋል፤ ሌላው ይላጣል፣ ደግሞ ይፍቀዋል። ቀስ በቀስ ደረሰበት። መጀመሪያ ማሻከር፣ ቀጥሎ በሳሙና ማጠብ፣ ሳይነኩ ማድረቅ፣ ከዚያ ለፕላስቲክ ተብሎ የተሠራ መደብ ቀለም በስሱ መርጨት፣ በመጨረሻ ዋናው ቀለም። ያ መደብ ቀለም ማርቆስ ውስጥ አይገኝም ነበር፤ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባው ከአዲስ አበባ አንዲት ጣሳ በአውቶቡስ ላከለት፣ እሷንም አልጋ ሥር እንደ ዕቁብ ገንዘብ ደበቃት።

ጥር ሲገባ ሐጂ ሰኢድ መጡ። ሉማሜ ሱቅ ያላቸው፣ ከማርቆስ ሉማሜ የሚመላለሱ ሦስት ሚኒባሶች የነበሯቸው ሽማግሌ ናቸው። የአንደኛው ሚኒባስ የፊት ፍርግርግ ኒኬሉ እየተቀረፈ እንደ ምላጭ ሹል ሆኖ የረዳቱን ጣት ቆርጦታል፣ እሳቸው ደግሞ ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሑድ ልጃቸውን ሊድሩ ነው፣ ሙሽሪት በዚያ ሚኒባስ ልትሄድ ነው።

«ጥላሁን፣ ሰው የሚለውን ሰምቻለሁ» አሉት በግልጽ። «እኔ ግን በዓይኔ ልይ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እነዚህን ይዩልኝ ሐጂ» አለና ወደ አጥሩ ወሰዳቸው። አንዱን ቁራጭ አንስተው በጥፍራቸው ፈቀፈቁ፣ በቁልፍ ፈቀፈቁ፣ አለቀቀም።

«በል ፍታውና ሥራው። ካማረ የሌሎቹን ሁለት ሚኒባሶችም አመጣልሃለሁ» ብለው ሄዱ።

እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። አባዬ ግን ፍርግርጉን ከመኪናው ፈትቶ ዳሱ ሥር ካስቀመጠ በኋላ «ይሄ ካልሆነልኝ መተማ ነኝ፤ ከዚህ በላይ የሰው መሳቂያ ሆኜ አልኖርም» ሲላት ሰማሁት። 

የከተራ ዕለት እማዬ ጠዋት ሹሩባ ሠራችኝና፣ በዓል ነውና አናቴ ላይ ጉብ ያለ ለጋ ቅቤ አስቀመጠችልኝ። ፀሐዩ ሲሞቅ በግንባሬና በጆሮ ግንዴ እየወረደ፣ እኔም በአዲሱ ቀሚሴ እየተንቀባረርኩ ግቢውን እዞር ነበር። አባዬ ፍርግርጉን ፍቆ፣ አጥቦ፣ ገመድ ላይ ሰቅሎ አድርቆታል። ቀለም መርጫ መሣሪያውን ከጓደኛው ሊዋስ ሲወጣ በር ላይ ዞሮ «ማንም እንዳይነካብኝ! በተለይ አንቺ፣ ትርንጎ!» አለኝ። «እሺ» አልኩ። ከልቤም ነበር።

ወጥቶ እንደ ሄደ ግን ቀረብ ብዬ አየሁት። ወይኔ! አመድ! ያ የሙሽራ መኪና ፊት አመድ ለብሶ ተንጠልጥሏል። ሐጂ ሰኢድ መጥተው ይህን ሲያዩ ምን ሊሉ ነው? ቅቤ ደግሞ ለእኔ የማብሪያ ሁሉ ቁንጮ ነበር፤ ጸጉር ያበራል፣ የደረቀ እጅ ያበራል፣ እማዬ የአባዬን የተሰነጣጠቀ ተረከዝ በቅቤ አሽታ ታበራው የለ! ከአናቴ ላይ ጠቀም ያለ ቆነጠርኩና አንዱን ዘንግ አሸሁት። አበራ። እሰይ! ሌላውን አሸሁት፣ በመካከል በመካከሉ ባለው ጠባብ ቦታ ሁሉ አውራ ጣቴን እየከተትኩ ወለወልኩት፣ በቀሚሴ ጫፍ አባበስኩትና አባቴን ከመተማ ያስቀረሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ደጅ ወጥቼ ታቦት እስኪያልፍ መጠበቅ ጀመርኩ።

አባዬ ተመልሶ፣ ጣሳዋን ከአልጋ ሥር አውጥቶ፣ መሣሪያውን አስነስቶ ሲረጭ እያየሁት ነበር። መጀመሪያ የረጨው ደህና አረፈ፣ ከዚያ ዓይኑ እያየ ሸሸ። ቀለሙ እየተኮማተረ፣ በየቦታው ክብ ክብ ዓይን እያወጣ ሥሩን አሳየ። ደግሞ ረጨ፣ ደግሞ ሸሸ። መሣሪያውን አጠፋና ዱካው ላይ ቁጭ አለ። «ምን በደልኩህ ጌታዬ?» አለ። አባቴ እንዲያ ሲል ሰምቼው አላውቅም፣ አንጀቴን በላው።

ትንሽ ቆይቶ ተነሣ፣ በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። ቀስ ብሎ ዞረና አናቴን አየ።

«ትርንጎ።»

«አቤት።»

«ነክተሻል?»

ዓይኔን በጨው አጥቤ «አልነካሁም» ልል ነበር፣ ግን ቅቤው በግንባሬ ላይ እየወረደ እንዴት ተብሎ ይዋሻል? «አመድ መስሎ አሳዘነኝ» አልኩት። «እንዲያበራ ብዬ ነው። ሐጂ ካልወደዱት መተማ ትሄዳለህ። ወባ ይገድልሃል።» ከዚያ በኋላ ያለው ለቅሶ ብቻ ነው።

እማዬ ጩኸቴን ሰምታ ከጓዳ ወጣች፣ ነገሩ ሲገባት ማማሰያውን አንሥታ «ዛሬ ገደልኳት! ይህቺ የቤት ጠላት!» እያለች መጣችብኝ። አባዬ መካከል ገባ። «ተያት» አላት። «ልጅቱ ምን ታድርግ፣ በፊቷ መተማ መተማ የምንል እኛ ነን።»  ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «በይ እጅሽን ታጠቢ፣ እስከ ክርንሽ። ጸጉርሽንም በሻሽ እሰሪው» አለኝና ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ሰጠኝ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሦስታችን ከዳሱ ሥር ዋልን። አባዬ የረጨውን እየፋቀ ያወርዳል፣ እማዬ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥባለች፣ እኔ ጣቴ ቀጭን ስለሆነ የአዋቂ እጅ የማይገባበትን ማዕዘን እፍቃለሁ። ታቦት ሲያልፍ የመንገዱ እልልታ ግቢያችን ድረስ መጣ፣ ሆታው፣ ከበሮው። እማዬ በዓሉ ቀረባት፤ እጇን ከአረፋው ሳታወጣ፣ እዚያው ቁጭ ብላ፣ ረጅም እልልታ አሰማች። አባዬ ቀና ብሎ አያትና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ሳቀ።

ጣሳዋ ውስጥ የቀረው ግማሽ አይሞላም ነበር። ሁለት ጊዜ ሊረጭ ያሰበውን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ በስሱ ረጨው። ያዘ። አንዲትም ዓይን አላወጣም። በማግስቱ ጥቁሩን ቀባው፣ እሑድም ሙሽሪት አበባ በታሰረበት ሚኒባስ ስታልፍ እኛ መንገድ ዳር ቆመን ሙሽሪቷን ትተን ፍርግርጉን ነበር የምናየው።

ዋናው ፈራጅ ግን ክረምት ነው፣ እሱን ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ሰኔ ሲገባ ያ ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር አባዬ ሥራውን አቁሞ ያየዋል፣ እማዬም ከገበያ ስትመለስ «የትርንጎ አባት፣ ዛሬም ደህና ነው» እያለች ትነግረዋለች። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ፣ አልተላጠም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ መናኸሪያ ቆሞ አግኝቼው ተጠግቼ ሳይ ግን፣ ከታች፣ ሁለት ዘንጎች በሚገናኙበት ማዕዘን፣ የልጅ አውራ ጣት የምታህል ቦታ ቀለሟ ለቋል። የእኔ ጣት እንደሆነች አውቄያለሁ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። መስከረም ላይ ሐጂ የቀሩትን ሁለቱንም ሚኒባሶች አመጡ፣ እሳቸውን አይቶ ሌላው አመጣ፣ «ልጣጭ» የሚለው ስምም እንዳመጣጡ ጠፋ። መተማ የሄደ የለም።

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ሮብ ገበያ የምትባለው ከተማ ሄጄ ያንን ሚኒባስ አየሁት። ተሽጦ፣ ባለቤት ቀያይሮ፣ ጎኑ ሁሉ ተጨርምቶ ገበያው ዳር ቆሟል፣ ፍርግርጉ ግን እንደ ጥቁርነቱ አለ። ጎንበስ ብዬ ያቺን ማዕዘን ፈለግሁ። አለች። ማርቆስ ተመልሼ ለአባዬ ነገርኩት፣ ሃያ ዓመት የደበቅሁትን ኃጢአት አወጣሁለት።

«አውቃታለሁ እንጂ» አለኝ፣ ቁጭ ካለበት ሳይነሣ። «ገና በዚያው ክረምት ነው ያየኋት።»

«ታዲያ ለምን አልቀባኻትም? ሐጂ በየዓመቱ ያመጡልህ አልነበር?»

«እሳቸውም ጠይቀውኛል፣ ነገርኳቸው፣ ስቀው ተዋት አሉኝ።» እጁን አየት አደረገ። «ያቺን እንዴት እቀባለሁ ልጄ? እንዳልሄድ የያዝሽኝ እዚያች ላይ አይደል። ሥራው ባይሳካልኝም እኮ ከዚያች ቀን ወዲያ አልሄድም ነበር።»

ዛሬ ፍርግርግ ሲላጥ የሚፍቀው የለም፤ አሮጌው ይጣላል፣ አዲሱ በማግስቱ አውቶቡስ ከአዲስ አበባ ይመጣል። የእኔ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ለጥምቀት ጸጉሯን ከጠርሙስ በሚፈስ ቅባት ነው የምቀባት፣ አባቷ ሩቅ አገር ለሥራ ሲሄድ ስልክ ላይ ፊቱን ስለምታየው እጁን ይዛ አታለቅስም። ጥሩ ነው፣ ምን እላለሁ። ሮብ ገበያ ላይ አውራ ጣቴን እዚያች ቦታ ላይ አሳርፌ ነበር፣ አልገጠመም፤ ልጄን ብወስዳት የእሷ ጣት ልክክ ይላል።