ነፍስ ነበረው?

ባለፈው ሳምንት በወላጆቼ ጋራዥ ውስጥ የበረዶ አካፋ ስፈልግ ከካርቶኖች ስር አንዲት ብርቱካናማ ሰደርያ አገኘሁ። የልጅ ልክ ናት፤ አሁን ክንዴንም አታስገባም። ቀለሟ ግን እንዳለ ነው፣ ዓይን ይወጋል። አፍንጫዬ ላይ ሳስጠጋት የጥድ ቅጠል ሸተተኝ። እውነት ሸትቶ ይሁን ወይስ እኔ እንዲሸተኝ ፈልጌ፣ አላውቅም። እሷን ስለለበስኩበት ቀን ከማስታውሰው አብዛኛው እንዲህ ነው።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ፣ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። አባቴ ዳውንታውን ዴንቨር የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ይሠራል። እዚያው ሕንፃ ሊፍትና መብራት የሚጠግን ሮን የሚባል ሸምገል ያለ አሜሪካዊ ነበር። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ለጥቂት ቀናት ይጠፋና ጢሙን አሳድጎ፣ ፊቱ በርቶ ይመለሳል። አጋዘን አደን ሄዶ ነው። አባቴ ወሬውን ከዓመት ዓመት ሲሰማ ቆይቶ በመጨረሻ ልቡ ተነሳ። ፈቃዱ የሚገኘው በዕጣ ስለሆነ አመለከተ፤ ወጣለት። እናቴ ስትሰማ፣ “ዲቪ ከደረሰህ ወዲህ ዕጣ ሁሉ ያንተ መስሎሃል” አለችው።

እሷን ያስጨነቃት ግን ጠመንጃው አልነበረም፤ ሥጋው ነበር። ሳይባረክ፣ ቢላ ሳያርፍበት የሞተ እንስሳ በክት ነው፣ በክት ደግሞ ቤቴ አይገባም አለች። አባቴ ሲመልስላት፣ ጥይቱ ይጥለዋል እንጂ አይገድለውም፣ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሼ በገዛ እጄ አርደዋለሁ፣ አንቺ ኮልፋክስ መንገድ ሱቅ ሄደሽ የምትገዢውን ሥጋ ማን እንዳረደው ታውቂያለሽ ወይ አላት። እናቴ፣ “እሺ፤ ነፍስ እያለው ከደረስክ ድስቴን ከመደርደሪያ አወርዳለሁ። ካልደረስክ እዚያው ከሮንህ ጋር ብላው” አለች።

እኔ የገባሁበት በአስተርጓሚነት ነው። አባቴ መኪና ለማስቆም የሚበቃ እንግሊዝኛ አለው፤ ለአደን ትምህርት ግን አይበቃም፣ ትምህርቱ ደግሞ ግዴታ ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብዬ በጆሮው አንሾካሹካለሁ፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። የምተረጉመው ነገር ለራሴም ግራ ያጋባኝ ነበር። ተደበቁ ይሉናል፤ ወዲያው ደግሞ ከሩቅ የሚታይ ብርቱካናማ ልበሱ ይሉናል። አጋዘን ያን ቀለም እንደኛ አያየውም አሉን። ያልነገሩን፣ ዓይኑን ካታለልን በኋላ አፍንጫውን ምን እናድርገው የሚለውን ነው። አባቴ ልብሳችንን ሽታ በሌለው ሳሙና አጥቦ በረንዳ ላይ ሰቀለው፤ እናቴ ጽጌን ትጾም ስለነበር የሽሮዋ ቁሌት በበሩ ወጥቶ ልብሱ ውስጥ ገባ። እንደገና አጠበ። በመጨረሻ ሊትልተን ካለው የሮን ግቢ የጥድ ቅርንጫፍ አምጥቶ ከልብሱ ጋር ጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ ውስጥ ቋጠረው። እናቴ ያን ሁሉ እያየች ትስቅ ነበር።

ከትምህርቱ አንድ ነገር ግን በደንብ ተርጉሜያለሁ። አጋዘን ከተመታ በኋላ አትከተሉት፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የሚያባርረው ካላየ ቅርብ ቦታ ይተኛና እዚያው ነፍሱ ትወጣለች፤ ከተከተላችሁት ግን ተነስቶ ይሮጣል፣ ይሠቃያል፣ እናንተም ታጡታላችሁ። አባቴ ለዚህም ራሱን ነቀነቀ። ገብቶት ይሁን፣ ወይም ለሌሎች ሰዎች የተሰጠ ምክር መስሎት ይሁን እንጃ።

የአደኑ መክፈቻ ቀን ሳይነጋ በሮን ፒካፕ ረጅሙን የመኪና ዋሻ አልፈን ተራሮቹ መካከል ገባን። የሮን ዘዴ ቀላል ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ ከአስፋልቱ ተነስቶ ሽቅብ ይወጣል፤ አጋዘኑ ሰው ሸሽቶ በሁለት ጉብታዎች መካከል ባለው ዝቅታ ያልፋል። እኛ ቀድመን እዚያ እንቀመጥ፤ ሌላው ያባርርልናል። በኪሱ ነጭ ዱቄት ያለበት ትንሽ የላስቲክ ብልቃጥ ነበረው። እየጨመቀ ዱቄቱ ወዴት እንደሚሄድ ያያል፣ ነፋሱ ከእኛ ወደ እንስሳው እንዳይነፍስ። አባቴ በበኩሉ የፋሲካ በግ የሚያርድበትን ቢላ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። “እጅሽን እንዳታሳርፊበት” ብሎኛል። እኛ ቤት ሴት አታርድም። በዓል ደርሶ አባቴ ሥራ ላይ ከሆነ እናቴ አንዲት ዶሮ የሚያርድላት ወንድ ፍለጋ አፓርትመንቱን ከላይ እስከ ታች ታስስ ነበር።

ሁሉም ሮን እንዳለው ሆነ። ፀሐይ ብቅ ስትል ከታች የሰው ድምፅና የመኪና በር ተሰማ፤ ብዙም ሳይቆይ አንድ ባለ ቀንድ አጋዘን ወደ ዝቅታው ወጥቶ ቆመ። ከአፉ እንፋሎት ሲወጣ ይታየኛል። እንዲሄድልኝም፣ እንዲቆምልኝም ፈለግኩ። አባቴ ተኮሰ። አጋዘኑ ዘለለ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ዝም አለ።

አባቴ ጠመንጃውን ለሮን ሰጥቶ ቢላውን ከጨርቁ አወጣ። ሮን አባቴን ጃኬቱን ጨምድዶ ያዘው። ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

ሮን ቁጭ በል ይላል፤ አሁን ከሄድክ ይነሳል፣ ቆስሎ ሲንከራተት ይውላል። አባቴ ንገሪው ይላል፤ ነፍሱ ሳትወጣ ካልደረስኩ ቤቴ አይገባም። የአንዱን ለአንዱ በተረጎምኩ ቁጥር የሁለቱም እውነት ሆኖ ታየኝ። በመሃል አባቴ ሮንን ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

“የተማርሽው አንቺ ነሽ። ምን ላድርግ?” አለኝ።

አባቴ ምን ላድርግ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ከሄደ እንስሳው ይሠቃያል፣ ካልሄደ ለእናቴ የገባው ቃል ይቀራል። “አይ ዶንት ኖው፣ አባዬ” ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

ትንሽ አየኝና ተቀመጠ። ለሮን ብሎ ይሁን ለእንባዬ፣ እስካሁን አልነገረኝም። ኮፍያውን አወለቀ፣ ቢላውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ ፊቱን ወደ ቁጥቋጦው አዙሮ “በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ” ማለት ጀመረ። ደጋገመው። ግማሽ ሰዓቱ እስኪያልቅ ከንፈሩ አላረፈም። አንድ ጊዜ ዞር ስል ሮንም ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞት ነበር።

ስንደርስ አጋዘኑ በጎኑ ተኝቷል፤ ዓይኑ ክፍት ነው። የጎኑ ጠጉር ተንቀሳቀሰ። አባቴ “አለ! ነፍስ አለው!” ብሎ ተንበረከከ፣ አንገቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ አረደው። ደም ወጣ፤ ብዙ ግን አይደለም። ነፋሱ እየነፈሰ ነበር።

እናቴ የጠበቀችን በር ላይ ቆማ ነው። “ነፍስ ነበረው?” አለች። አባቴ ነበረው አለ። እሱን ትታ ወደ እኔ ዞረች። “ጎኑ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ” አልኳት። ልቤ እሺ ስላላለኝ ደግሞ፣ “ነፋስም ነበር” አልኩ። አባቴ መሬት መሬት አየ። ሥጋው ጽጌ እስኪፈታ ተብሎ ፍሪዘር ገባ። አባቴ በየምሽቱ ፍሪዘሩን ከፈት አድርጎ ያይና መልሶ ይዘጋዋል፤ በጣም ያሳዝነኝ ነበር።

ጾሙ ሲፈታ ሠራችው፤ ነገር ግን በራሷ ድስት አልነበረም። ለዚሁ ብላ ርካሽ ድስት ገዝታ ነበር። አባቴ ሮንን ጋበዘው። እናቴ አቅርባልን ፈንጠር ብላ ተቀመጠች፤ ሳህን አልያዘችም። ሮን በርበሬው አፍንጫውን እያስጠረገው እየሳቀ በላና ለእናትሽ ንገሪያት አለኝ። “ዕድሜዬን ሙሉ አድኛለሁ። ለገደለው እንስሳ እንደዚህ የጸለየ ሰው ግን አላየሁም። ኮፍያዬን አወለቅኩ።”

ተረጎምኩላት። አባቴ ይህን አልነገራትም ነበር። “ከሩቅ ሆነህ ባረክኸው?” ብላ ጠየቀችው። “ምን ላድርግ፣ አስቀመጡኝ” አላት። እናቴ ተነስታ የራሷን ድስት አወረደች፣ ወጡን ገለበጠችበት፣ አሙቃ አመጣችውና አብራን በላች። ይፈቀዳል አላለችም፣ አይፈቀድም አላለችም። አባቴም አጎረሳት።

ያኔ ሳድግ ሁሉም ይገባኛል ብዬ አስብ ነበር። አሁን ዕጣው የሚወጣው በእኔ ስም ነው። ሮን ጡረታ ወጥቶ ልጆቹ ዘንድ ሄዷል፤ የአባቴ ጉልበት ተራራውን አይችለውም። በመክፈቻው ቀን እኔ ወደዚያው ዝቅታ እወጣለሁ፣ እሱ ከታች መኪና ውስጥ ማሞቂያ ከፍቶ ይቀመጣል። ተኩስ ሲሰማ በስመ አብ ይላል። በዚያ ጠዋት ተራራው ሁሉ ስለሚተኩስና የእኔ የትኛው እንደሆነ ስለማያውቅ፣ የሰማውን ሁሉ ይባርካል። እኔም ከላይ ኮፍያዬን አውልቄ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። ያ ቢላ አሁን የእኔ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ቤት ስንደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ያንኑ ትጠይቀኛለች፤ ነፍስ ነበረው? እኔም ያንኑ እመልሳለሁ፤ ጎኑ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ ነፋስም ነበር። ድስቷን ታወርዳለች። ማን እንዳረደው ግን አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።