አሥራ አንደኛው ፋይል

ያምሮት አለማየሁ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። በየማለዳው ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍራ ቡሬ ትወርዳለች። የምትሠራበትን የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ቢሮ ከጽዳት ሠራተኛዋ ቀድማ ትከፍታለች፤ ኮምፒውተሯን አብርታ አሥር ፋይሎችን በተራ ታስኬዳለች። ይህን ካላደረገች በዚያ ቀን ማዳበሪያም ሆነ ምርጥ ዘር ከመጋዘን አይወጣም። ማታ በመጣችበት መንገድ ተመልሳ በአክስቷ ቤት ታድራለች። ባሏ ናሁሰናይ አዴት ላይ መምህር ነው፤ የአምስት ዓመት ልጃቸው ሀኒም ከእሱና ከእናቱ ጋር ናት። ልጅቱ አያቷን «እማዬ» ትላለች፤ እናቷን ግን አባቷ ሲጠራ እንደምትሰማው «ያምሮት» ትላታለች።

እኔ ከጎኗ ባለው ጠረጴዛ የተቀመጥሁት ባለፈው ጥቅምት ነው። ከክፍሌ አንደኛ ሆኜ ተመርቄ መምጣቴን እዚህ የምጠቅሰው ለኩራት ብቻ አይደለም፤ ኋላ ለነገሩ ስለሚያስፈልግ ነው።

የያምሮትን አሥር ፋይሎች ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። ዩኒየኑ የአባላቱን ስምና ድርሻ የሚያኖረው የመረጃ ቋት በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ነው። በቋቱ ውስጥ ተግባር የሚባሉ አሽከሮች አሉ፤ በስማቸው ሲጠሯቸው እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ ሠርተው ይመልሳሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ዩኒየኑ ክፍያው የከበደውን የቀድሞውን ሥርዓት ትቶ በነጻ ወደሚገኝ ሌላ ሥርዓት ለመዛወር ሲወስን መረጃው በደኅና ተሻገረ፤ ብዙዎቹ አሽከሮች ግን ከቀድሞው ጌታቸው ጋር ቀሩ። የቀድሞው ቀንን በእኛ አቆጣጠር ይቆጥር ነበር፤ አዲሱ ጳጉሜን የምትባል ወር መኖሯን እንኳ አልሰማም። ያምሮት የቀሩትን አንድ በአንድ በራሷ እጅ ሠራቻቸው። ነገር ግን አዲሱን ሥርዓት የተከለው ድርጅት የቋቱን ቁልፍ፣ ማለትም የይለፍ ቃሉን፣ ይዞ ስለሄደ የሠራቻቸውን ወደ ቋቱ ማስገባት አልቻለችም። ከውጭ፣ በእሷ ኮምፒውተር፣ በእሷ እጅ፣ በየጠዋቱ ይሄዳሉ።

ሦስት ጊዜ ዝውውር ጠይቃለች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደርበው ሦስቱንም ጊዜ «ሽግግሩ ይለቅ እንጂ እኔው ራሴ እሸኝሻለሁ» ብለዋታል። አሁን አዴት ላይ አንድ የመረጃ ባለሙያ ቦታ ተገኝቶላታል፤ ቦታው እስከ ዓርብ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይፈልጋል። እኔ ፋይሎቹን አንብቤ እንደተረዳኋቸውና በእሷ ቦታ ላስኬዳቸው እንደምችል ለአቶ ደርበው ነግሬያቸው ነበር። «ጎበዝ መሆንሽን ሰምተናል» አሉኝ፤ «ግን ልጅ ነሽ። የደረሰ እህል ለእንግዳ አጫጅ አይሰጥም።»

በዚያ ሳምንት ሰኞ የማዳበሪያ እደላ ተጀመረ። ሽግግሩ ባለማለቁ የስም ዝርዝሩ እስከ ዓምና የሚታተመው ከቀድሞው ሥርዓት ነበር፤ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአዲሱ ታተመ። ረፋድ ላይ የመጋዘን ኃላፊው አድማሴ ወረቀቱን እያውለበለበ ገባ፤ ከኋላው አራት ሴቶች ተከትለውታል።

«ያምሮት፣ ይኸ ምንድን ነው? ሁለት ኩንታል የሚወስድ አለ፤ ስም ግን የለውም። ሦስት ኩንታል የሚወስድ አለ፤ እሱም ስም የለውም። ለመንፈስ ነው የማድለው?»

«እኔ መንፈስ ነኝ ወይ?» አሉ ከሴቶቹ አንደኛዋ፣ ወይዘሮ ካሳነሽ ገብረሰንበት። «ከጎህ ጀምሮ ቆሜ እግሬ አብጧል፤ መንፈስ እግር አለው?»

ያምሮት ወረቀቱን ገና እንዳየችው ገባት። ሙሉ ስም የሚታተመው የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም በማያያዝ ነው። የቀድሞው ሥርዓት ከሦስቱ አንዱ ባይመዘገብ ባዶውን አልፎ የቀሩትን ያያይዝ ነበር፤ በአዲሱ ግን አንዱ ባዶ ከሆነ ጠቅላላው ስም ባዶ ይሆናል። የአያት ስም ያልተመዘገበላቸው ሁሉ ከነስማቸው ጠፍተዋል፤ አብዛኞቹም ባል ሲሞት በምትኩ የተመዘገቡ ሴቶች ናቸው።

አቶ ደርበው ጫጫታውን ሰምተው መጡ። «ምን ያስቸግራል? የአያታቸውን ስም ጠይቂና ሙዪው!»

«የአያትዎ ስም ማን ነበር፣ እናቴ?» አለች ያምሮት።

«አባቴ የሞተው በእቅፍ ሳለሁ ነው። አያቴን ማን ይንገረኝ?»

«እንግዲያው አንድ ደኅና ስም ጻፊላቸው፤ ወልደ ሥላሴ በይ» አሉ አቶ ደርበው።

ወይዘሮ ካሳነሽ ነጠላቸውን አጠበቁ። «ጌታዬ ይተዉ! የማላውቀውን ሰው አያት አድርገው ሊሰጡኝ? ነገ የዚያ ሰው ዘር ነኝ ባይ ተነሥቶ በመሬቴ ቢከሰኝ እርስዎ ይቆሙልኛል?»

አድማሴ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወጣ። ሴቶቹም በግንቡ ጥላ ሊቀመጡ ተከተሉት።

አቶ ደርበውም ወደ ቢሯቸው ተመልሰው ሁለታችን ብቻ ስንቀር ድምፄን ዝቅ አድርጌ የማምንበትን ነገርኋት። «መልቀቂያው ሳይፈረም ይኸን ዝርዝር እንዳትነኪው። እጃቸው ላይ ያለው ፊርማ ነው፤ አንቺ እጅ ላይ ያለው ይኸ ነው። ዓርብ ሩቅ አይደለም።»

በመስኮቱ ወይዘሮ ካሳነሽን ታያለች፤ ሴትዮዋ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሻሉ።

«እኔ ዓርብን እጠብቃለሁ» አለች። «በቆሎ ግን ዝናቡን እንጂ ፊርማ አይጠብቅም።»

ያልተመዘገበውን ስም አልፎ የቀሩትን የሚያያይዝ አጭር መስመር በአዲስ ፋይል ጻፈች። አስኬደችው፤ ዝርዝሩም እንደገና ታተመ። አድማሴ በሩ ላይ ቆሞ «ካሳነሽ ገብረሰንበት!» ብሎ ሲጣራ ሴትዮዋ «አቤት! ተነሣሁ ከሙታን!» አሉ፤ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ።

አቶ ደርበው ከሁሉም በላይ ተደስተው መጡ። ያምሮት ለፊርማ ያዘጋጀችውን የመልቀቂያ ደብዳቤ አቅርባ ቆመች። ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት፤ ከዚያም ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«እስቲ አንቺው ፍረጂ፣ ልጄ። ዛሬ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር? ይህን ዓይቼ እንዴት ብዬ ልልቀቅሽ? ለከርሞ፣ እግዚአብሔር ያለ እንደሆነ።» በሩ ላይ ሲደርሱም ዘወር አሉ። «ያችን አዲሷንም ከነዚያ ጋር በየጠዋቱ አስኪጃት፤ እንዳትረሺ።»

ደጋግሜ የማስበው ይህንን ነው። ሥራዋን ብታበላሽ ኖሮ ይቀጧት ነበር፤ ስላቃናችው ግን አሰሯት። በእጇ የተሠራው እያንዳንዱ ፋይል ዩኒየኑን ከችግር አውጥቷል፤ እሷን ግን አንድ ቋጠሮ ጨምሮ አጥብቋታል። አሁን አሥራ አንድ ሆኑ።

ማክሰኞና ረቡዕ እንደ ወትሮው ሠራች። ረቡዕ ማታ ለጉዳይ ወደ ፍኖተ ሰላም ስሄድ በሚኒባሱ ውስጥ ከጎኗ ነበርሁ፤ ናሁሰናይ ደውሎ ስልኩን ለልጅቱ ሰጣት።

«ያምሮት፣ እማዬ ጸጉሬን ሠራችኝ» አለች ሀኒ።

«እሰይ፣ ታምሪያለሽ» አለች ያምሮት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ፍኖተ ሰላም ደረስን።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ አንዱንም ፋይሎች ካስኬደች በኋላ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። ዓርብ ያለ መልቀቂያ እንደሚያልፍና የአዴቱ ቦታ ለሌላ ሰው እንደሚሄድ በተረጋጋ ድምፅ ነገረችኝ። ቀጥላም ለአቶ ደርበው የጻፈችውን ሌላ ወረቀት አሳየችኝ። የዝውውር ጥያቄ አልነበረም። በሕጉ መሠረት ከዛሬ ጀምሮ የሚታሰብ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥታ ሥራውን በፈቃዷ እንደምትለቅ የሚገልጽ ነበር። አዴት ስትደርስ የሚጠብቃት ሥራ የለም፤ የስምንት ዓመት አገልግሎቷም እዚህ ይቀራል።

«ወሩ እስኪያልቅ» አለችኝ፣ «ጠዋት ጠዋት የምታስኬጃቸው አንቺ ነሽ። እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።»

ወረቀቱን ይዛ የአቶ ደርበውን በር አንኳኳች።