ችኩሉን ቶርኖዬን ለማረጋጋት

የዚያን ዕለት የሠራሁትን ሞኝነት አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ከዶርዜ እስከ አርባ ምንጭ አንድ ሙሉ የቶርኖ ሞተር ተሸክሜ የወረድኩት፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን፣ ኃይሉና ፍጥነቱ የተጻፈበትን ታርጋ ማንበብ ስላቃተኝ ነው። ያቃተኝም ለመስቀል ቤቱን ሳሳምር እጄ ስላላረፈ ሞተሩንም ከነታርጋው አረንጓዴ ስለቀባሁት ነው። ቀለም በምላጭ እንደሚፋቅ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር እስክደርስ ድረስ ትዝ አላለኝም።

ያስወጣችኝ ባለቤቴ ናት። እንጨት እያሽከረከርኩ የምቀርጽበት ቶርኖዬ ያለው አንድ ፍጥነት ብቻ ነው፤ እሱም እብደት። ባለፈው ሳምንት የበርጩማ እግር ከቶርኖው አምልጦ፣ በጆሮዬ ሥር አልፎ ግድግዳውን ሲመታ እሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የሥራ ክፍሌን ቁልፍ ወስዳ ከማተቧ ጋር አሰረችው።

«ወይ ይረጋጋል፣ ወይ ይሸጣል» አለችኝ። «አንተን ማረጋጋቱን እንኳ ከተውኩት ቆይቻለሁ።» ሞተሩን እንድፈታ ብቻ ከፍታልኝ መልሳ ቆለፈች።

ቁልቁለቱ

ፍጥነት የሚቀንስ ነገር ፍለጋ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጠመዝማዛውን ሲወርድ ሞተሩ ከእግሬ ሥር አመለጠና የአንዲት ነጋዴ የአፕል ጆንያ ላይ ወጣ። የተነጋገርነው በጋሞኛ ነው፤ በአማርኛ ስጽፈው ግማሹ ቁጣዋ ይቀራል።

«አባባ፣ ሞተሩ እዚህ አለ፤ መኪናው የት ቀረ?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ኪሴን ስዳብስ እጄን ያዘችኝ።

«ብርህን ተወው። እንጨት የምታሽከረክር ከሆነ እንዝርት ሥራልኝ፣ የእኔ ተሰብሯል። በገበያ ቀን ደጅህ እመጣለሁ።»

እሺ አልኩ። ቁልፉ የማን አንገት ላይ እንዳለ ግን አልነገርኳትም።

ሲቀላ

ብርድ ፈርቼ የለበስኩት ጋቢ፣ አርባ ምንጭ ስደርስ ሁለተኛ ሞተር ሆነብኝ። በላብ ተጠምቄ የገባሁበት የመጀመሪያው ሱቅ የፋን ፍጥነት መቆጣጠሪያ አሳየኝ። ርካሽ ናት፣ ኪስ ትገባለች፣ ወደድኳት። ደግነቱ ከመግዛቴ በፊት ጎረቤቱ ካለው፣ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ ከሚጠቀለልበት ቤት ጎራ አልኩ። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። ምላጭ አነሳች፣ ሁለት ጊዜ ፋቀች፣ አነበበች፦ ባለአንድ ፌዝ።

«አባባ፣ ይህን ለማወቅ ነው ተሸክመው የመጡት?»

«ታርጋው ብቻውን አልመጣም ስላለኝ ነው፣ ልጄ።»

እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ስለዚያች ርካሽ መቆጣጠሪያ ስጠይቃት ግን ሳቋን አቆመች። «እሷ ለፋን ናት። የእርስዎን ሞተር ኃይል ታሳጣዋለች እንጂ በወጉ አታዘገየውም። ያቃስታል፣ ይግላል፣ ከዚያ ተቃጥሎ እኔ ጋ ይመጣል። ለእኔ ገበያ ነው፤ ለእርስዎ ግን ኪሳራ።»

«ሌላስ?»

«ትልቅና ትንሽ ፑሊ፣ ማለትም መንኮራኩር፣ እየለዋወጡ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ማዛወር።»

ጎንበስ ብዬ ቺንጋ ሳዛውር ታየኝ፤ ቀና ስል ግን አልታየኝም። ሦስተኛው መንገድ ባለሦስት ፌዝ ሞተር ከኢንቨርተር ጋር ነበር። ኢንቨርተሩ የቤቱን መብራት ተቀብሎ ሦስት ፌዝ ያደርገዋል፤ የፍጥነት ቁልፉን ባዞሩት መጠንም ሞተሩን ያፈጥናል ወይም ያዘገያል። ለጣሪያ ቆርቆሮ ያስቀመጥኩት ብር ለኢንቨርተሩ ብቻ ይበቃል።

«ሞተሩንማ ይለውጡኝ» አለች። «ያገለገለ ባለሦስት ፌዝ አለኝ። የእርስዎ ቀለሙ አያምርም እንጂ ጤነኛ ነው።»

ስትሰጠኝ አደራ አለችኝ፦ «ቀስ ብሎ ሲዞር ሞተሩን የሚያበርደው የራሱ ማራገቢያም አብሮ ይደክማል። በእጅዎ እየነኩ፣ ሲግል ያሳርፉት።» ለእኔ እንዲህ ያዘዘልኝ ሐኪም የለም።

ዳገቱ

መናኸሪያ አግዳሚ ላይ አሳ ጥብስ በላሁና ተቀምጬ እንቅልፍ ወሰደኝ። የጫኖን መንደር ሳልፍ መንገድ ዳር የሚሸጠውን ሙዝ አየሁ፤ ለመግዛት መውረዱ ግን ከበደኝ። ዶርዜ ስደርስ ሞተሩን በር ላይ አስቀምጬ ተኛሁ።

በማግስቱ ሞተሩን አሰርኩ። ባለቤቴ የኢንቨርተሩን የፍጥነት ቁልፍ ራሷ አዞረችው። ቶርኖው እንደጠገበ በሬ ቀስ ብሎ ተነሣ። ትንሽ ጨመረች፣ መልሳ ቀነሰች። ከዚያ የበሩን ቁልፍ ከማተቧ ፈታችና መዳፌ ላይ አኖረች።

«ይኼኛውን እንዳትቀባው» አለች።

ጉዞው ያስተማረኝ ከመሸከም በፊት መፋቅን ነው እንዳልል፣ ባልሸከም ኖሮ የምለውጠው ሞተር አይኖረኝም ነበር። ትምህርቱም አልጠራልኝም።

መጀመሪያ ያወጣሁት ቀጭን፣ ያልተሰበረ እንዝርት ነው። ጠረጴዛው ላይ ትቼው እጄን ልታጠብ ብወጣ፣ ስመለስ ባለቤቴ ጥጥ ጀምራበታለች። ቁልፉ መልሶ እንዳይታሰር ፈርቼ አልነጠቅኳትም። ነገ ገበያ ነው። ሞተሩ ግሎ አረፍ ብሏል፤ እኔም ወገቤን ይዤ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። የአፕሏ ነጋዴ እንዝርት አሁንም አለብኝ።