መርዝ ብዬ ያመሰገንኩት እርጎ

ዘይኑልአቢዲን እባላለሁ፤ ሐይቅ ከተማ፣ በአንዲት ትንሽ የግል ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ሰገራና ሽንት በማይክሮስኮፕ እያየሁ እኖራለሁ። ሳይንቲስት ነው ብሎ የሚያስበኝ ሰው ቢኖር እኔው ብቻ ነኝ። ሰላም ያለኝን ሰው ሁሉ ስለ ጀርም ሳላስረዳ አልለቅም። ባለቤቴ ሀኒያ፣ "ሰውየው እኮ ሰላም ነው ያለህ" ትለኛለች።

ባለፈው ዓመት ደሴ የሁለት ቀን ስልጠና ወስጄ ስመለስ ጭራሽ ባሰብኝ። እርጎ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ቦታና ምግብ የሚሻማቸውን የቅርብ ዘመዳቸውን ባክቴሪያ የሚገድል ፕሮቲን ያመርታሉ፤ ፕሮቲኑ የተቀናቃኙን ሽፋን ይበሳና ውስጡን ያፈሰዋል። አምራቹ ግን የራሱ ማርከሻ ስላለው አይነካም። ይህን ስሰማ ትዝ ያሉኝ የሀኒያ እናት፣ ወይዘሮ ፈዲላ ናቸው። አማቴ ልጆቻቸውን ያሳደጉት እርጎ ሸጠው ነው፤ ዛሬም የሚተዳደሩት በዚያው ነው። ቅላቸውን በወይራ ያጥናሉ፣ ከትናንቱ እርጎ ጥቂት አስቀርተው አዲሱን ወተት ይጨምሩበታል፤ እርጎአቸው ቶሎ አይበላሽም።

ላመሰግናቸው ገበያ ወረድኩ። ደንበኞቻቸው ተሰብስበው ሳሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "የእማ እርጎ እንዲሁ እንዳይመስላችሁ! ውስጡ መርዝ አለው!" አልኩ። ፕሮቲን ብል አይገባቸውም ብዬ ማቅለሌ ነበር።

አሰገደች ወደ አፏ ያስጠጋችውን ኩባያ መልሳ አስቀመጠች። የቆየች ደንበኛ ናት፤ እሷ ካልጠጣች ሌላው አይጠጣም።

"ምን አለው አልክ?"

"ወላሂ ሰው አይነካም! የሚገድለው የቅርብ ዘመዱን ብቻ ነው" አልኩ።

"እኔና ፈዲላ እኮ ከእህት በላይ ነን!" አለችና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ገበያው ሳይሞቅ ወሬው ዞረ። ጧት ሞልቶ የመጣው ቅል ከሰዓት በኋላም እንደሞላ ነበር። አማቴ በአማችነቴ አክብረው "አንቱ" እንጂ "አንተ" ብለውኝ አያውቁም። ያን ዕለት ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ "ሰላሳ ዓመት የሸጥኩትን በአንዲት ቃል ገደልክብኝ። የቅርብ ዘመዱን የሚገድለውስ አንተ ነህ" አሉኝ። አፈርኩ። አውቃለሁ እያልኩ ስለፈልፍ ስኖር እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ኩባያ አንስቼ እዚያው ሰው ፊት ጠጣሁ። ደገምኩ። ሠለስኩ። በአምስተኛው ሆዴ ጮኸ፤ አሰገደች ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

"በሚቀጥለው ገበያ ቆመህ ካየሁህ እገዛለሁ" አለችኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ከሁሉም ቀድሜ ተገኘሁ። አሰገደች ከላይ እስከ ታች አየችኝና ኩባያዋን ለአማቴ ዘረጋች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ከደስታዬ የተነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። "እንግዲህ ይሄ ፕሮቲን..." ብዬ ስጀምር አማቴ አፉ ድረስ የሞላ ኩባያ እጄ ላይ አስቀመጡ።

"አንቱ" አሉኝ፣ "ይጠጡ እንጂ አያስረዱ።"