ከጋሽ ግዛው ጋር የተካፈልነው ትኬት

ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እዚህ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ የኳስ ወሬ በተነሣ ቁጥር፣ በተለይ ጋሽ ግዛው ባሉበት ከተነሣ፣ ትዝ ይለኛል። ትዝ ሲለኝም እስቃለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው። ስለ ኳስ እምብዛም አላውቅም፤ የማውቀው ወንድሜን ብሩክን ነው። እናታችን ስታርፍ ገና ሁለተኛ ክፍል ነበር። ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ያ ልጅ አድጎ የከተማችን ክለብ ተጫዋች ሲሆን የማሊያውን ቁጥር የምሰፋውም እኔው ሆንኩ። "እትዬ፣ ጠበቅ አድርገሽ ስፊው፤ ሲጎትቱኝ እንዳይቀደድ" ይለኝ ነበር።

ታዲያ ሲጫወት አይቼው አላውቅም ነበር። ጨዋታው ሁልጊዜ ገበያ ቀን ላይ ይውላል፤ በገበያ ቀን ደግሞ ልብስ ሰፊ ሱቁን አይዘጋም። ጎል ሲገባ ጩኸቱ እስከ ሱቄ ይሰማል፤ እኔም የስፌት መኪናዬን ገታ አድርጌ "የኔው ይሆን?" እላለሁ። የኔ ኳስ ማየት ይኸው ነበር።

በዚያ ዓመት ክለባችን ማንም ሳይጠብቀው እያሸነፈ ሄዶ ሄዶ ለዋንጫ ደረሰ። ጨዋታው ደብረ ብርሃን ነው ተባለ። ሜዳው የታጠረ ነው፣ ያለ ትኬት አይገባም። በቴሌቪዥንም አይተላለፍም። ለእኛ የተሰጠን ትኬት ደግሞ አንድ አውቶቡስ ሰው የሚበቃ ብቻ ሆነ። ከተማው በሙሉ ካልሄድኩ አለ። በግ ሊሸጡ ከገጠር የመጡት እንኳ "እኛስ የሰው ልጅ አይደለንም?" ይሉ ነበር።

ተጫዋቾቹ ቀድመው ሲሄዱ ብሩክ በመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ "እትዬ፣ ትመጫለሽ አይደል?" አለኝ።

"እንዴት ብዬ እቀራለሁ!" አልኩት። ትኬቱን ከየት እንደማመጣው ግን አላውቅም ነበር።

የደጋፊዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ደምስ መጀመሪያ ትኬቱን ለትልልቅ ሰዎችና ለደህና ነጋዴዎች ሊያድል አስቦ ነበር። ሰው ጮኸበት። እኔ ደግሞ "የተጫዋች ቤተሰብ ይቅደም" አልኩ። እሱም ፈገግ ብሎ "መንዝ ውስጥ የተጫዋች ዘመድ ያልሆነ ሰው ካለ ጥሪልኝ" አለኝ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ "እንደ ቅርጫ ዕጣ ይጣልበትና ይለይለት" አሉ። በዚህ ሁሉም ተስማማ።

ቅርጫ እንግዲህ የታወቀ ነው። በዓል ሲመጣ በሬው ይታረድና ሥጋው መደብ መደብ ይሆናል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ቁልፍ። ከዚያ ምልክቱ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። ማንም አዳላህ፣ አላዳላሁም አይባባልም።

እኔ ምልክት ስመርጥ ብዙ ተጠበብኩ። የልብስ ቁልፍ እንዳልሰጥ የከተማው ቁልፍ ግማሹ ከእኔ ሱቅ የወጣ ነው። ብርድ ስለነበር ከበግ ፀጉር የተሸመነ ባናዬን ደርቤ ነበር። ከጫፉ አንድ ክር መዘዝኩ። ጥቁርና ቡናማ የበግ ፀጉር አብሮ የተገመደበት ነው፤ እንዲህ ያለ ክር ሌላ ሰው ጋ አይገኝም ብዬ በልቤ ኮራሁ። አቶ ደምስ ባርኔጣውን አዙሮ ሲመጣ ጣል አደረግሁ። እሱም ብርዱ አንዘፍዝፎት ስለነበር የማንንም ምልክት በወጉ አላየም።

ጋሽ ግዛው ከሰዉ ማዶ ቆመዋል። ጎረቤቴ ናቸው፤ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የእግዜር ሰላምታ አልተለዋወጥንም። ድንበራችን ላይ ባሕር ዛፍ ተከሉና ጓሮዬን ጥላ አለበሱት። ነጭ ሽንኩርቴ ደረቀ። ቀበሌ ከሰስኳቸው፣ ሽማግሌ ላክሁባቸው። "መሬቴ ነው" ብለው ድርቅ አሉ። እኔም ድርቅ አልኩ። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንኳ ስንገናኝ እሳቸው ወደ ሰማይ እኔ ወደ መሬት እያየን እንተላለፋለን።

ዕጣውን እንዲያወጣ የተለመነው የአይሱዙ ሾፌር ነው። ከራቤል ድንች ጭኖ ሲመጣ ጎማ ፈንድቶበት እዚያው ቆሞ ነበር። ከመሐላችን ማንንም አያውቅም። እጁን ባርኔጣው ውስጥ እየከተተ አንድ አንድ ያወጣል፤ ባለቤቱም "የኔ ነው!" ብሎ እየዘለለ ትኬቱን ይቀበላል። ትኬቱ እያለቀ ሄደ። የእኔ አልወጣም።

የመጨረሻው ትኬት ላይ ሾፌሩ አንድ ክር ብድግ አድርጎ "ይቺ የበግ ፀጉር የማን ናት?" አለ።

"የኔ ናት!" አልኩ።

"የኔ ናት!" አሉ ጋሽ ግዛው።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አቶ ደምስ ባርኔጣውን ጠረጴዛ ላይ ገለበጠው። ከቆርኪውና ከጠጠሩ መሐል ሌላ ክር ወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አደረጋቸው። አንድ ናቸው፤ እኔ ራሴ ከክር ጋር የምውል ሰው ልለያቸው አልቻልኩም። ያኔ ነው ያስታወስኩት። ሳንጣላ በፊት እኔና ጋሽ ግዛው የበግ ፀጉር አብረን ገዝተን፣ አብረን አስፈትለን፣ ለአንድ ሸማኔ ሰጥተን ነበር ያሠራነው። ያንኑ ዓይነት ባና እሳቸውም ለብሰዋል።

"በሁለቱ መካከል ይደገም" አለ አንዱ።

"ከተደገመማ ለሁላችንም ይደገም!" ብለው ዕጣ ያልወጣላቸው ሁሉ ተንጫጩ። አቶ ደምስ ላብ በላብ ሆነ፤ በዚያ ብርድ።

ሾፌሩ ጎማው ስለተቀየረለት ለመሄድ ቸኩሏል። "ኳሱ ሁለት አጋማሽ አይደል እንዴ? አንዱን እሷ፣ አንዱን እሳቸው ይዩታ!" አለ። እየቀለደ ነበር። ሰው ግን ሳቀና አጨበጨበ፤ አቶ ደምስም ቀልዱን ለቀም አድርጎ "በቃ፣ ተፈረደ!" አለ።

ጋሽ ግዛው ወደ እኔ ሳያዩ "የመጀመሪያውን እሷ ትግባ በላት" አሉት። ዋንጫው የሚለይበትን ለራሳቸው አስቀሩ ብዬ በገንኩ። ለሽማግሌ ምን ይባላል? "እሺ በላቸው" አልኩት።

አውቶቡስ ውስጥ የደረሰን አንድ ወንበር ነው። እሳቸው ወንበሩ ላይ፣ እኔ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀመጥን። በአንድ ዓይነት ባና ስለተጠቀለልን ከኋላ ያሉት "መንትዮቹ!" እያሉ ተሳለቁብን። ጓሳ ተራራ ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው፤ አውቶቡሱ እያዘገመ ሄደ። ቆሎ ሲዞር ከእኔ እጅ ወደ እሳቸው እንዳይሄድ ሌላ ሰው እየተቀበለ ያሳልፍ ነበር። እስከ ደብረ ብርሃን እንዲሁ ሄድን።

የሜዳው በር ላይ አቶ ደምስ ጉዳያችንን ለጥበቃው አስረዳ። ጥበቃው ራሱን ነቀነቀ። "አንድ ሲወጣ አንድ ይገባል። ከዚያ ውጭ አላውቅም" አለ።

ገባሁ። በእጄ የሰፋሁትን ቁጥር ሜዳው ላይ ፈለግሁ። የለም። ደግሜ ፈለግሁ። ብሩክ ጃኬቱን እንደለበሰ ተቀያሪዎቹ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሰው ይጯጯሃል፣ ኳሷ ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ እኔ የማየው የተቀመጠ ልጅ ነው። እረፍት ሲሆን ለመውጣት አመነታሁ። የሚገባው በሁለተኛው ቢሆንስ? ግን ቃል ቃል ነው፤ ከመንዝ የመጣው ሰው ሁሉ ደግሞ ያየኛል። ወጣሁ።

ጋሽ ግዛው የቆርቆሮ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ትኬቱን ስዘረጋላቸው በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አዩኝ።

"ገባ?" አሉኝ።

ማንን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም። "አልገባም። ተቀምጧል" አልኩ። እሳቸው ትኬቱን ተቀብለው ገቡ።

በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ባናዬን ተከናነብኩ። እንባዬ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። ጥበቃው አዘነልኝና "እናንተ ላይ ነው የገባው" አለኝ። ለእኔ ጎሉ ምኔም አልነበረም።

ከዚያ ብዙ ቆይቶ በሩ ተንጓጓ። ጋሽ ግዛው ናቸው። ከዘራቸውን ይዘው፣ ሰው ሲገፉ ባናቸው ተንሸራቶ፣ እያለከለኩ ወጡ።

"ግቢ! ልጁ ጃኬቱን አውልቋል! እያሟሟቀ ነው፣ ሊያስገቡት ነው! ግቢ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?"

"እርስዎስ?"

"እኔን ተይኝ። ስትወጪ ትነግሪኛለሽ።"

ትኬቱን መዳፌ ውስጥ ጨመቁት። ጥበቃው ግራ ገብቶት እኔንም እሳቸውንም አየ። "አባትሽ ናቸው?" አለኝ።

"አዎ" አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

"ሁለታችሁንም ባስገባችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን አለቃዬ እዚያ ቆሟል" አለና በሩን ከፈተልኝ።

ብሩክ ሲገባ ደረስኩ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ነበር የቀረው። አንዴ ኳስ በጭንቅላቱ መለሰ። አንዴ የእጅ ውርወራ ወረወረ። አንዴ ደግሞ በግራ በኩል እንደ እብድ ሮጦ ኳሱን አሻገረው፤ በረኛው በጣቶቹ ጫፍ አወጣው። "ብሩኬ!" ብዬ ስጮህ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ጆሮውን ያዘ። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ እኔ ፊቴ በርቶ ነበር።

ጋሽ ግዛው ጆሯቸውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፈው አገኘኋቸው።

"ምን አደረገ?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። አውቶቡሱ ውስጥም ነገርኳቸው። ጣርማበር ስንደርስ እንደገና አስጀመሩኝ። "ያሻገረው በግራ እግሩ ነው በቀኙ?" አሉኝ።

"በግራው።"

ሳቁ። "ግራ እግሩንማ የእኔ ግድግዳ ነው ያስተማረው። ስንት ዓመት ሲደበድበው ኖረ! ጠዋት ማታ ዱብ ዱብ። አንድ ቀን እንኳ ኳሱን ቀምቼዋለሁ?" አሉና ባናቸውን ሰበሰቡ። "ምልክት የሰጠሁት ለዋንጫው መሰለሽ? ልጁን ልየው ብዬ ነው።"

እውነታቸውን ነው። እኔ ሱቅ ስውል ብሩክ ከትምህርት ቤት መጥቶ የሚውለው እሳቸው ግቢ ነበር። ይህን በባሕር ዛፉ ምክንያት ረስቼው ነበር። ቆሎውን በራሴ እጅ ዘገንኩላቸውና ተቀበሉኝ።

ባሕር ዛፉ ዛሬም ቆሟል። ሽንኩርቴም ዛሬም አይበቅልም። አሁንም በዚሁ እንጨቃጨቃለን፤ ልዩነቱ እየተነጋገርን መሆኑ ነው። ብሩክ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዷል። ሲደውል መጀመሪያ "ጋሽ ግዛው ደህና ናቸው?" ይላል።

እሳቸው ከሰዓት በኋላ ሱቄ ደጃፍ አግዳሚው ላይ ቁጭ ይላሉ። የኳስ ወሬ ሲነሣ የዚያን ቀን ጨዋታ ይተርካሉ። በእሳቸው ወሬ ብሩክ ሁለት ሰው አልፎ ነው ያሻገረው፤ ኳሷም ብረቱን መታ ነው የተመለሰችው። "በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት!" ይላሉ። ሰው ሲጠራጠር ወደ ውስጥ ዞረው "አይደለም እንዴ?" ይሉኛል።

እኔም መኪናዬን ገታ አድርጌ "አዎ፣ አብረን ነው ያየነው" እላለሁ።