የሺ ጃንጥላ ፈቃድ ያወጣች ዕለት

ሰበታ ውስጥ «የወይዘሮ የሺወርቅን ቤት አሳዩኝ» ቢሉ የሚያሳይዎ ያጣሉ። «የሺ ጃንጥላ» ካሉ ግን የተራ አስከባሪው ሥራውን ትቶ እበሯ ድረስ ያደርስዎታል። ስሙ የወጣላት ክረምት ከበጋ በጅማ መንገድ ዳር፣ ከሚኒባሱ ማቆሚያ አጠገብ፣ ዘንጓ የተሰበረ ጃንጥላ ይዛ እየቆመች ሠራተኛን ከአሠሪ ስታገናኝ በመኖሯ ነው። ሰው ይህን ሥራ ድለላ ይለዋል። እሷ ፊት ግን እንዲህ ያለ ሰው ቀኑ አይባረክለትም።

«ደላላ በግ ያሻሽጣል። እኔ ሰው ከሰው ነው የማገናኘው!» ትላለች፣ ጃንጥላዋን እንደ ዱላ እየነቀነቀች።

ነገሩ ወዲህ ነው። እሷም ልጅ እግር ሳለች ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ የገባችው በደላላ እጅ ነበር። ሰውየው ከአንድ ትልቅ ግቢ በር ላይ አቁሟት «ግቢ፣ ደግ ሰዎች ናቸው» ብሏት ሄደ። ደግ ስለመሆናቸው እንጃ፤ ውሻ ግን ነበራቸው። አማትም ነበሩበት፣ ውሻው ይሻል ነበር። ማታ ደግሞ መኝታዋ ከሽንኩርቱ ጆንያ ጎን ኖሯል። የሺ ይህን ሁሉ በሳቅ ነው የምታወራው፤ ይሁንና ኋላ ራሷ አገናኝ ስትሆን ከአንዲት እመቤት ጋር ዋጋ ሳትነጋገር በፊት የምትጠይቀው ሌላ ነገር ሆነ። «ውሻ አለ? አማትሽ አብረውሽ ናቸው? ልጅቷስ የት ነው የምትተኛው?» ይህን ሳያስረዳ ሠራተኛ የወሰደ የለም። ልጅቷን ካስገባች በኋላም ነገሩን ጥላው አትሄድም። ሰንበት ብላ በዚያ በር ስታልፍ ትደርስና «ውሃ ጠማኝ፣ እስቲ አጠጡኝ» ትላለች። ውሃውን የምታመጣው ልጅቷ ናት። የሺ ብርጭቆውን ተቀብላ ፊቷን ታያለች፤ ፊት ደግሞ አይዋሽም። በዚህ የተነሣ ሰበታ ውስጥ የእሷን ያህል ውሃ የሚጠጣ ሰው አልነበረም።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከተማው ማስጠንቀቂያ አወጣ። ከገና በኋላ ያለፈቃድ ሠራተኛ ሲያገናኝ የተገኘ ይቀጣል ተባለ። መንገድ ዳር የነበሩት አገናኞች ግማሾቹ ወደ ቡራዩ ሸሹ፣ ግማሾቹ የሞባይል ካርድ መሸጥ ጀመሩ። የሺ ግን ወገቧን ታጠቀች። ፈቃድ ለማውጣት ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀች፤ ነገሯት፤ ሰምታ ጥቂት ተቀመጠች። ቢሮ ያስፈልጋል። ቢሮው ሥራ ፈላጊዎች ተቀምጠው የሚጠብቁበት ማረፊያ ክፍል ሊኖረው ይገባል። መጸዳጃ፣ ስልክ፣ የሚቆለፍ ቁም ሳጥን፣ በር ላይ የሚሰቀል ሰሌዳ። ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ። የትምህርት ማስረጃ። ባንክ የሚቀመጥ መያዣ።

የትምህርቱ ነገር አላሳሰባትም፤ የማታ ተምራ አሥረኛን ጨርሳለች። ለመያዣው የዕቁብ ዕጣዋን ባንክ ዘጋችበት። ከወንጀል ነፃ መሆኗንም ፖሊስ መሰከረላት፤ ያንን ወረቀት ለሳምንት ያህል ላገኘችው ሁሉ ስታሳይ ሰነበተች። ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለ የቆርቆሮ ቤት ተከራይታ በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፈለችው። ማረፊያ ክፍሉ ተሠራ። ወንበሩን ከእድሯ ተዋሰች። የእድሩ ስም በነጭ ቀለም ከየወንበሩ ጀርባ ስለተጻፈ ሁሉንም ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥታ ደረደረቻቸው። ሰሌዳውን ሲሰቅሉላት ቆማ አነበበችው፦ «የሺወርቅ የሥራና ሠራተኛ አገናኝ»። ደላላ የሚል ቃል የትም አልነበረበትም። እንባዋ መጣ፤ አቧራ ነው አለች።

የቀረው ቢሮውን የሚመረምረው ሰው ብቻ ነበር። እሱ ግን ሊመጣ አልቻለም። አዲስ አበባ በማስተር ፕላን ወደ ገበሬው መሬት ልትሰፋ ነው ተብሎ አገሩ ተነሥቶ ነበር። አንድ ቀን መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ አንድ ቀን ጎማ ይቃጠላል፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ልጁን የቀበረ ቤትም ስላለ በዚያ ሰሞን ሰው በመንገድ ሲገናኝ ሰላምታውን ያሳጥር ነበር። የምርመራው ቀጠሮ አንዴ ተላለፈ፣ ደግሞ ተላለፈ። ገና እየቀረበ መጣ።

በመጨረሻ ከሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ተደወለ። መርማሪው ኦቦ ጉርሜሳ ቤቱ እዚያው ሰበታ ስለሆነ መኪናም ባይኖር በእግሩ ይመጣል፤ ነገ ጠዋት ይጠብቁት ተባለች።

በነጋታው ማለዳ የሺ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ማረፊያ ክፍሏ ውስጥ ቆመች። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ከተጂ ከተማና ከዚያም ወዲያ የሚመጡት ሥራ ፈላጊዎች መንገዱ ስለተዘጋ አንድም የለ።

ያን ጊዜ ወንዳፍራሽ መጣ። ወንዳፍራሽ የጥበቃ ሠራተኛ ለፋብሪካ ሲያገናኝ የኖረ፣ ከእሷ ጋር መንገድ ዳር አብሮ የቆመ፣ ፈቃድ ከማውጣት መሞት ይሻለኛል ያለ ሰው ነው።

«ሥራ ፈላጊ የሌለው የሥራ አገናኝ!» አለ ባዶውን ክፍል አይቶ። «ሴትዮ፣ ምእመን የሌለው ደብር ከፍተሻል'ኮ።»

«ምን ይሻለኛል ወንዳፍራሽ?»

«ወንበሩን የተዋስሽ ሰውስ መዋስ ያቅትሻል?»

ምክሩ ያኔ ጥሩ መስሎ ታያት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን እናቷ ስንቴ ብላታለች፤ ማን ሊያስታውስ! ወንዳፍራሽ ራሱ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከሌሊት ፈረቃ የወጣ አንድ የፋብሪካ ጥበቃ ጎትተው አመጡ፤ እሱ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው። የሺ ሴት እንድትኖርበት ብላ ወደ በሩ ብቅ ስትል ጸደንያ ዘንቢል አንጠልጥላ ስታልፍ አየቻት። ጸደንያን ባለፈው ዓመት አንዲት አስተማሪ ቤት ያስገባቻት እሷው ናት።

«ጸዲዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ ላንድ አፍታ ገብተሽ ተቀመጪልኝ። ሥራ ፈላጊ ነኝ በይ።»

ጸደንያ ለምን ብላ እንኳ አልጠየቀችም። ገብታ ዘንቢሏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ኦቦ ጉርሜሳ ብዙም ሳይቆይ ደረሰ። በሠላሳዎቹ መጨረሻ ያለ፣ ማኅደር በብብቱ የያዘ፣ ፊቱ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር።

«ነጋ ዳ፣ እትዬ የሺወርቅ!»

«ነጋ ዳ፣ ኦቦ! አካም ጅርቱ? ይግቡ፣ ይግቡ።»

ሰሌዳውን አየ። ቁም ሳጥኑን ከፈተ፣ ቆለፈ። ስልኩን አንሥቶ ድምፁን ሰማ። መጸዳጃውን እንኳ ገብቶ አይቶ ተመለሰ። የሺ ከኋላው እየተከተለች የምታውቃቸውን ቅዱሳን በሙሉ ትጠራለች። ከዚያ ማረፊያ ክፍሉ ገባ።

«አንተ ምን ዓይነት ሥራ ነው የምትፈልገው?» አለ ወንዳፍራሽን።

«ጥበቃ፣ ጌታዬ።»

«ልምድ አለህ?»

«ሃያ ዓመት መንገድ ዳር ቆሜ ሰው ጠብቄአለሁ።»

መርማሪው የተኛውን ሰውዬ ዘሎ ወደ ሦስተኛዋ ዞረ። ዞሮም ቀረ። ማኅደሩ ከብብቱ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ጸደንያ?»

«ጋሼ» አለች ጸደንያ፣ ብድግ ብላ።

የሺ አስተማሪዋን እንጂ ባሏን አይታው አታውቅም ነበር። ከተማው ውስጥ ስንት ቤት እያለ የመርማሪውን የገዛ ሠራተኛ ሥራ ፈላጊ ብላ አስቀምጣበት ኖሯል!

«ልትለቂ ነው?» አለ ኦቦ ጉርሜሳ፤ ድምፁ የመንግሥት ሠራተኛ ድምፅ መሆኑ ቀርቶ ነበር። «ልጁስ? ካንቺ በቀር ከማን እጅ ይበላል? ማሎ፣ እባክሽ ጸደንያ!»

የሺ ከዚህ በላይ መዋሸት አልሆነላትም። አንጀቷም አልቻለ።

«ኦቦ ጉርሜሳ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «አንዳቸውም ሥራ ፈላጊ አይደሉም። ተለምነው ነው የተቀመጡት። መንገዱ ተዘጋና ሰው አጣሁ፣ ባዶ ክፍል አይተው እንዳይጥሉኝ ፈራሁ። ይኼ ወንዳፍራሽ ነው፣ ጓደኛዬ። ያ የተኛው ሥራ አለው፣ ለዚያም ነው የተኛ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ወንበሩም የእድር ነው።»

ኦቦ ጉርሜሳ መጀመሪያ ተነፈሰ። ቀጥሎ ሳቁ መጣ፤ ግድግዳውን ተደግፎ እስኪበቃው ሳቀ።

«የእድር መሆኑንማ ስገባ ነው ያየሁት። ወንበር በሙሉ ጀርባውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ የሚቆመው ሲደብቅ ነው» አለ። «እትዬ፣ ደንቡ ማረፊያ ክፍል ይኑር አለ እንጂ ሰው ይሙላበት አላለም። ባዶ ቢሆንስ ምን ነበረበት? የራስዎን ወንበር ይገዛሉ። ሌላው ሁሉ ተሟልቷል።»

ማኅደሩን ከወለሉ አንሥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋው። «እኔ ከፈረምኩ የሚቀረው ማኅተም ብቻ ነው» እያለ ብዕሩን አወጣ። የሺ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

«እኔ ግን» አለች ጸደንያ፣ «የእውነቴን ነው የተቀመጥኩት።»

ብዕሩ ባለበት ቆመ።

«ሥራ ልፈልግ ነው የመጣሁት። እትዬ የሺ ባይጠሩኝም እገባ ነበር። ሕፃኑ ከተወለደ ወዲህ አንድ ቀን አርፌ አላውቅም። እሑድ የለኝ፣ በዓል የለኝ። ጋሼም እትዬም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን ደከመኝ።» ይህን ስትል አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

የሺ ልጅቷን አየቻት። ፊቷ ገርጥቷል፣ ዓይኖቿ ጎድጉደዋል። ይህን ፊት ማየት የነበረባት ቀደም ብላ ነበር። ፈቃድ ፈቃድ ስትል ውሃ ለመጠጣት በዚያ በር ካለፈች ስንት ጊዜዋ! አፈረች። አሁን «ዝም በይ ልጄ፣ ኋላ እንነጋገራለን» ብትል ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ያርፋል፤ ፈቃዱም የሷ ይሆናል። ከፈለገችው ነገር የራቀችው በአንድ ጣት ነው። የሰውየውን ፊት አየች፣ ቀልቷል። ሰሌዳዋን አሰበች።

«ኦቦ ጉርሜሳ፣ ብዕርዎን ያስቀምጡት» አለች።

«እንዴት?»

«ልጅቷ ሥራ ፈላጊ ናት፣ እርስዎ አሠሪ ነዎት። እኔ ደግሞ ሁለቱን ለየብቻ ሳላነጋግር ሰው አገናኝቼ አላውቅም። እስክጠራዎት ድረስ እዚያ ማረፊያው ላይ ይቀመጡልኝ።»

የተኛው ሰውዬ ያንኮራፋል። ኦቦ ጉርሜሳ ብዕሩን አስቀምጦ ሄዶ ከወንዳፍራሽ ጎን ተቀመጠ።

ወንዳፍራሽ ኮፍያውን ከፍ አድርጎ ጉልበቱን መታ መታ አደረገው። «አይዞህ ወንድሜ» አለው። «ከዚህ ቤት ሳይሳካለት የተመለሰ የለም።» ደግሞ ጨመረበት፤ «ከተማውን በሙሉ ለሠራተኛ እረፍት ስጡ እያልክ የምትዞረው አንተው አይደለህ? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼው ነው።»

«አላስተዋልኩም» አለ ኦቦ ጉርሜሳ ቀስ ብሎ። «እውነቴን ነው፣ አላስተዋልኩም። ጠዋት ስወጣ ቆማለች፣ ማታ ስገባ ቆማለች።»

ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ማዶ የሁለቱ ሴቶች ሹክሹክታ ቆየ። አንዴ ጸደንያ ስትስቅ ተሰማ። በመጨረሻ የሺ ብቅ ብላ «ቀጣዩ ይግቡ!» አለች። የሚቀጥል ሌላ ሰው አልነበረም።

የልጅቷ ፍላጎት ሆኖ የተገኘው ቀላል ነበር። ቤቱን መልቀቅ አትፈልግም፤ ሕፃኑን ትወደዋለች። እሑድ ግን የራሷ ትሁን። በዓልም እንደዚያው። ማታ ልጁ ሲነሣ ደግሞ ሁልጊዜ የምትነሣው እሷ ብቻ አትሁን። የሺ ይህን በውል አስፍራ ወረቀቱን ወደ ሰውየው ገፋ አደረገችው።

ኦቦ ጉርሜሳ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«አይሆንም» አለ። «ይኼን መፈረም አልችልም።»

የሺ ዓይኗን ጨፈነች። አለቀ፣ አለች በልቧ። ጃንጥላውን የት ነበር ያኖርኩት?

«ያለፈቃድ ውል ማዋዋል ክልክል ነው፣ እትዬ። እኔ መርማሪው ሕገ ወጥ ውል ልፈርም?» አለ። ማኅደሩንም ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ከፈተ፤ የፈቃዱን ወረቀት አገላብጦ ከግርጌው ላይ ስሙን ጻፈበትና ፈረመ። «ቶሌ፣ እሺ። አሁን ያምጡት።»

እልልታው ከየሺ ቀድሞ የወጣው ከወንዳፍራሽ አፍ ነው፤ የተኛው ጥበቃ ብርግግ ብሎ ዱላውን ፈለገ። የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና እያለቀሰች ትስቃለች፤ አቧራ ነው ማለቱንም ረሳችው።

ኦቦ ጉርሜሳ ውሉን ተቀብሎ ብዕሩን ሊያሳርፍ ሲል አንድ ነገር ትዝ ብሎት ቀና አለ። እንደ እውነቱ ከሆነ የፈራ ይመስል ነበር።

«ቆይ ግን እትዬ» አለ፣ «እሑድ እሑድ ልጁን ማን ይይዘዋል?»

የሺ እንባዋን ጠረገች።

«ልጁ የሚጠራው በማን ስም ነው?»

«በእኔ ነዋ።»

«እንግዲያው ይፈርሙ» አለችው።